የባቡር ወርክሾፕ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል? ከቲልበርግ ለድሬዳዋ

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሆላንድ አንድ የባቡር ወርክሾፕ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተሸለመ ሲባል ሰማሁ። እንዴት አድርገው ሠሩት? የእኛንስ አሮጌ ወርክሾፕ እንዲህ ማድረግ ይቻላል ወይስ ነገሩ የሀብታም አገር ሥራ ነው? ጓደኞቼ ያ ሁሉ ብረት ተሸጦ አዲስ ሕንፃ ቢሠራበት ይሻላል ይሉኛል።»

መልስ፦ ይቻላል፤ የሀብታም አገር ሥራ ብቻም አይደለም። ከሆላንዱ ሕንፃ መወሰድ ያለበት ግን መልኩ አይደለም። ፎቶውን አይቶ መጋረጃውንና ደረጃውን ድሬዳዋ ላይ መድገም ገንዘብ ማባከን ነው። የሚጠቅመን አካሄዳቸው ነው። ሥራውን በደንብ ለተመለከተው ሰው፣ ሐሳቡ ሁሉ የመነጨው «ይህ አዳራሽ ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?» ከሚለው ጥያቄ መሆኑ ይታየዋል። አሮጌ ወርክሾፕን ለሌላ አገልግሎት ለማዋል ሲሞከር ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ስለሚዘለል ነው። አገልግሎቱ ቢሮ ውስጥ ይወሰናል፣ የክፍሎቹ ዝርዝር ይወጣል፣ ከዚያ አዳራሹ ያንን ዝርዝር እንዲይዝ ይገደዳል። በመጨረሻ ሕንፃውም ይጎዳል፣ አገልግሎቱም አይመችም።

ሕንፃው ሎክሃል ይባላል፤ የሚገኘው በሆላንድ ደቡባዊ ክፍል ባለችው ቲልበርግ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ለሎኮሞቲቭ መጠገኛ የተሠራ አዳራሽ ሲሆን 90 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ከፍታ አለው። የባቡር ድርጅቱ ቦታውን ለቆ ሲወጣ ባዶውን ቀረ። ሲቪክ አርክቴክትስ፣ እድሳት ላይ ያተኮረው ብራክስማ ኤንድ ሮስ፣ የፔትራ ብሌስ ቢሮ የሆነው ኢንሳይድ አውትሳይድ፣ ሜካኖ እና የምህንድስናው ድርጅት አሩፕ ተባብረው ሠሩትና በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በዚያው ዓመት አምስተርዳም በተካሄደው የዓለም የአርክቴክቸር ፌስቲቫል የዓመቱ ምርጥ ሕንፃ ተብሎ ተሸለመ። እርስዎ የሰሙት ይህንን ነው።

ውስጡ ሲገባ በመጀመሪያ የሚታየው ያልተነካው ነገር ነው። በሪቬት (ተቀጥቅጦ በሚያያዝ የብረት ችንካር) የተያያዙት የብረት ኮለኖች አልተለበጡም፣ ከላይ ያለው የክሬን መንገድ አልፈረሰም፣ ወለሉ ላይ ያለው ሐዲድ አልተነቀለም። በሐዲዱ ላይ የባቡር ጎማ ያላቸው ሦስት ትልልቅ ጠረጴዛዎች አቁመዋል። እየተገፉ በሐዲዱ ላይ ይሄዳሉ፤ አንድ ቀን የትርኢት መድረክ፣ ሌላ ቀን የቡና ባንኮኒ፣ ሌላ ቀን የስብሰባ ጠረጴዛ ይሆናሉ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይምሰልዎት። ሐዲዱ ዱሮ ከባድ ዕቃ እንዲያንቀሳቅስ ተዘርግቶ ነበር፤ ዛሬም ከባድ ዕቃ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ማሠራት ሐዲዱን ከወለሉ በታች ከመቅበር ወይም በመስታወት ሸፍኖ «ታሪክ ነው» ከማለት እጅግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ድምፅ ነው። ብረት፣ ኮንክሪትና መስታወት ያለበት 15 ሜትር ከፍታ ያለው አዳራሽ ያስተጋባል፤ አንድ ወንበር ሲጎተት ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ለሎኮሞቲቭ ጥገና ግድ አልነበረም፤ ለንባብ ግን መርዝ ነው። መፍትሔያቸው ግድግዳ መሥራት አልሆነም። እስከ ጣሪያው የሚደርሱ ስድስት ግዙፍ መጋረጃዎች ሰቀሉ፤ ጠቅላላ ስፋታቸው ከ4,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ሲዘረጉ ድምፅ ይውጣሉ፣ ክፍል ይከፍላሉ፣ ፀሐይ ይከላከላሉ። ሲሰበሰቡ አዳራሹ መልሶ አንድ ይሆናል። ጨርቁ የተዘጋጀው እዚያው ከተማ ካለው የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ጋር በመተባበር ነው። ቲልበርግ የሱፍ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ ሙዚየሙም ራሱ የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው ያለው። ችግራቸውን የፈቱት ከተማቸው በምታውቀው ሙያ ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ ስለ ድሬዳዋ ስናወራ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ሙቀቱን የያዙበት መንገድ ነው። ያንን ሁሉ አየር ለማሞቅ ቢነሡ የኃይል ወጪው ቤተ መጻሕፍቱን በጥቂት ዓመት ያዘጋው ነበር፤ አሮጌውን የብረት ግድግዳና መስታወትም በወፍራም ሽፋን ማልበስ ግድ ይሆን ነበር። ስለዚህ የሚሞቀው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እንጂ አዳራሹ በሙሉ እንዳይሆን ወሰኑ። ሰው የሚተላለፍበት ሰፊ ቦታ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሰው ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚሠራበት ማዕዘን ይሞቃል። ጸጥታና የተመጣጠነ አየር የግድ የሚላቸው ክፍሎች በአዳራሹ ውስጥ ለብቻቸው ተዘግተዋል። አሮጌው ሕንፃ ሳይሸፈን የቀረው በዚህ ውሳኔ ነው። ውበቱን ያዳነው የማሞቂያ ስሌት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ድሬዳዋ። ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ጥላና ነፋስ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ ውሎ ወደ ታች ይተፋዋል፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ራሱን ያመዋል። ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት አየር ማቀዝቀዣ አይደለም። ድርብ ጣሪያ ነው፦ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ሽፋን፣ በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት፣ ከላይ በጣሪያው አናት ደግሞ የሞቀው አየር የሚወጣበት መስኮት። ወርክሾፖች ጭስና እንፋሎት እንዲወጣላቸው ተብለው ስለሚሠሩ ይህ መውጫ ብዙ ጊዜ አለ፤ በኋላ በላሜራ ተደፍኖ ይሆናል እንጂ። መልሶ መክፈት ትልቅ ወጪ የለውም። ከፍታው ራሱ ያግዛል፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲሄድ ሰው ያለበት የታችኛው ክፍል ይተነፍሳል።

መጻሕፍትና ኮምፒዩተር ግን ክፍት አዳራሽ ውስጥ አይቀመጡም። የድሬዳዋ አቧራ በአንድ ዓመት ያበላሻቸዋል። እነሱ በአዳራሹ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ትንንሽ ክፍሎች ያስፈልጓቸዋል፤ የሚቀዘቅዘውም እነዚህ ክፍሎች ብቻ ናቸው። ክፍሎቹ በራሳቸው እግር ይቁሙ እንጂ ከአሮጌው ኮለን ጋር አይበየዱ፤ ነገ ሐሳብ ቢቀየር ያለ ጉዳት ይነሣሉ። የቀረው ሰፊ ቦታ ጥላ ያለው የሕዝብ አደባባይ ይሁን፤ ጠዋት ተማሪ የሚያጠናበት፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ሙዚቃና ስብሰባ የሚካሄድበት።

እስካሁን የተናገርኩት ግን እርስዎ ቤተ መጻሕፍት ብለው ስለጠየቁ ነው። እውነተኛ አስተያየቴን ከፈለጉ የድሬዳዋው ወርክሾፕ በመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት መሆን የለበትም።

ምክንያቴን ላስረዳ። የቲልበርግ ሰዎች ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው ባዶ አዳራሽ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ቶርኖዎቹ (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹት ማሽኖች)፣ የቆሙት ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች አሁንም አሉ፤ ጎብኚም እየተመራ ያያቸዋል። ከሁሉም በላይ እነዚህን ማሽኖች በእጃቸው ያንቀሳቀሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከተማዋ እኮ የተወለደችው ከባቡሩ ጋር ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚያ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ነበር። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ በማይቻልበት ጊዜ የወርክሾፑ ሰዎች እዚያው ቆርጠው፣ ቶርኖ ላይ አዙረው፣ ቀጥቅጠው ያወጡት ነበር። አባትዎ ይህን ከእኔ በተሻለ ይነግሩዎታል። ሰፋ ባለ መደበኛ ሐዲድ ላይ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ፤ አሮጌው ግቢ ግን ከነሙያው ቀዚራ ሰፈር መሃል ቀረ። ቲልበርግ የሱፍ ሙያዋን ለመጋረጃው እንደተጠቀመችበት ሁሉ ድሬዳዋ የምታውቀው ሙያ የብረት ሥራ ነው። ያንን አውጥቶ በቦታው መደርደሪያ መትከል ትልቁን ሀብት መጣል ነው።

ስለዚህ ከቲልበርግ ይልቅ ሲድኒን ይመልከቱ። ኤቭሌይ የተባለው የባቡር ወርክሾፕ የተሠራው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የፉርጎ መሥሪያው ክፍል ካሪጅወርክስ ተብሎ በ2007 የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆነ፤ ትያትር ይታይበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬዎች ገበያ ይቆምበታል። ከሐዲዱ ማዶ ባለው የሎኮሞቲቭ ወርክሾፕ ደግሞ ቢሮና ሱቅ ቢገባበትም የአንጥረኛው ክፍል ከነምድጃውና ከነመዶሻው ተጠብቆ እስከ ቅርብ ዓመታት ብረት ሲቀጠቀጥበት ኖሯል። የአንድ ግቢ አንዱ ክንፍ ሥራውን ቀጠለ፣ ሌላው ለከተማው ተከፈተ። ለድሬዳዋ የምመኘው ይህንን ነው፦ አንዱ አዳራሽ ወጣቶች ቶርኖና ብየዳ የሚማሩበት፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች የሚሽከረከሩበት የማሠልጠኛ ወርክሾፕ ይሁን፤ ቤተ መጻሕፍቱና አደባባዩ ከጎኑ ባለው አዳራሽ ይግቡ። ማንበቢያው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ከሩቅ ቢሰማ የሚከፋ አይመስለኝም፤ የሚከፋው ሰው ካለ ለእሱ የተዘጋ ክፍል አዘጋጅተናል።

የእንግሊዙን ስዊንደን ደግሞ ለማስጠንቀቂያ ላንሣ። ስዊንደን እንደ ድሬዳዋ ባቡር የፈጠራት ከተማ ነች ማለት ይቻላል። ወርክሾፑ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሕንፃዎቹ በአብዛኛው ዳኑ፤ አንዱ በ1997 የልብስ መሸጫ ማዕከል፣ ሌላው በ2000 የባቡር ሙዚየም ሆነ። ነገር ግን ከተማዋ ከወርክሾፑ የወረሰችው ሌላም ነገር አለ፤ የእንፋሎት ማሞቂያዎች ይሸፈኑበት በነበረው አስቤስቶስ (ሙቀት የሚከላከል ቃጫ መሰል ማዕድን) የተነሣ ብዙ የቀድሞ ሠራተኞች በሳንባ ሽፋን ካንሰር ሞተዋል። በሽታው ብናኙ ከተተነፈሰ ከበርካታ አሥርት ዓመታት በኋላ ስለሚወጣ መጀመሪያ ላይ ማንም አያስተውለውም። በእንፋሎት ዘመን የሠራ ማንኛውም ወርክሾፕ ይህ አደጋ ሊኖርበት ይችላል። በማሞቂያ፣ በቧንቧ መጠቅለያ ወይም በጣሪያ ሽፋን ላይ ነጣ ያለ ቃጫ መሰል ነገር ካዩ አይንኩት፣ አይጥረጉት፤ ናሙናው በባለሙያ ይመርመር። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በመፋቂያ ማሽን (ሞላ) አይፋቅም። ለዓመታት ዘይትና ናፍጣ የጠጣ አፈር ሳይመረመር ተቆፍሮ ሌላ ቦታ አይደፋም፤ የባትሪ ክፍልና አሮጌ ትራንስፎርመር የነበረበት ጥግ ደግሞ ለብቻው ይታይ። ልጆች የሚገቡበት ቤት ልናደርገው ነውና በዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

ስለ ብረቱ ጥንካሬ አልጠየቁኝም፤ ጓደኞችዎ ግን «አርጅቷል» ማለታቸው አይቀርም። ጥቂት ልበል። ሎኮሞቲቭ የሚያነሣ ክሬን የተሸከመ ኮለን ለሰውና ለመጽሐፍ ክብደት የሚያንሰው እምብዛም ነው፤ የሚያሳስበው በዝገት የተበላው ቦታ ነው። የሚበላውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሁለት ቦታ ነው፦ የጣሪያው ውኃ መውረጃ ሥርና የኮለኑ እግር። ከኮለኑ እግር ዙሪያ የተከመረውን አፈር በእጅ ቆፍረው ያውጡና ኮለኑ የቆመበትን የብረት ሳህን ይዩት። ዝገቱ በንጣፍ በንጣፍ ከተላጠ በጠንካራ ብሩሽ ያጽዱና የቀረውን ውፍረት ያስለኩ። ከዚያ ትንሽ መዶሻ ይዘው ሪቬቶቹን አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጉ፤ የጠበቀ ሪቬት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ድፍን ያለ ነው፤ ጣት ከሥሩ ቢያስደግፉ ንዝረቱም ይሰማዎታል። የላላው በቡሎን ይተካል። ብየዳን ግን አደራ፤ የዚያ ዘመን ብረት ድኝና ፎስፎረስ ሊበዛበት ስለሚችል የተበየደው ቦታ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ቁራጭ ናሙና ላብራቶሪ ሳይገባ ካፕሪያታ (ጣሪያውን የተሸከመው የብረት ማዕቀፍ) ላይ የብየዳ ኤሌክትሮድ እንዳይነካ። የድንጋይ ግድግዳ ካለም በኖራ ተገንብቶ ከሆነ በኖራ ይጠገን፤ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱን ውስጥ ያፍነውና ድንጋዩ ራሱ መፈርፈር ይጀምራል።

ውኃን አይናቁ። ድሬዳዋ ደረቅ ናት እያልን እንዘናጋለን፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን ጥፋት ግን ከተማው አልረሳውም። በሐዲዶቹ መካከል ያሉት የመፈተሻ ጉድጓዶች መጀመሪያ ውኃ የሚሞላባቸው ናቸው። ቢደፈኑ ያሳዝነኛል፤ ሠራተኛው ቆሞ የሎኮሞቲቩን ሆድ የሚያይባቸው ቦታዎች ናቸውና የወርክሾፑ ልብ ናቸው። መውረጃቸው ይጽዳ፣ በላያቸው የብረት ወንፊት ይግባ፣ አንዱ ክፍት ሆኖ ወርደው የሚያዩበት ይሁን። ወለሉ ላይ የሐዲዱ ጎድጎዳ ደግሞ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ እንዳይይዝ በልኩ ይሞላ።

ወደ ጓደኞችዎ ክርክር ልመለስ። ብረቱ በኪሎ ተሸጦ የሚገኘው ገንዘብ አንድ ጊዜ መጥቶ ያልቃል፤ በምትኩ ለሚሠራው ሕንፃ ፌሮና ሲሚንቶ መልሶ ይገዛል፤ ያንን የሚያህል ያለ መካከለኛ ኮለን የተዘረጋ አዳራሽም በዚያ ዋጋ አይሠራም። እንዲህ ያለ ክርክር በሚነሣበት ቦታ ሁሉ እንዳየሁት ደግሞ ብረቱ ሰበብ ነው፤ የሚፈለገው መሬቱ ነው። መሃል ከተማ ያለ ሰፊ ግቢ ዓይን ይስባል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ «ምንም አይሠራበት» አይደለም። ግቢው ውስጥ አዳራሽ ያልሆነ ባዶ ቦታ ካለ በልኩ ይሠራበት፣ ገቢውም አዳራሾቹን ይጠግን። ሕጉንም ይወቁት፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ ለመሥራት የቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አፍራሹም አዳሹም በቅድሚያ የሚያንኳኳው አንድ በር አለ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ባይገኝ አያስፈራም። ለንደን ያለው ራውንድሃውስ በ1847 እ.ኤ.አ. የሎኮሞቲቭ መጠለያ ሆኖ ተሠራ፤ ሎኮሞቲቮቹ ስለረዘሙበት ብዙም ሳይቆይ ለዚያ ሥራ አልበቃ አለና ለአሥርት ዓመታት የአልኮል መጠጥ መጋዘን ሆነ። በ1960ዎቹ ሳይታደስ፣ እንዳለ፣ ሙዚቃና ትያትር ገባበት፤ በ1983 ተዘጋ፤ ሙሉ እድሳት አግኝቶ የተከፈተው በ2006 ነው። አሮጌ ሕንፃን ገንዘብ እስኪገኝ የሚያቆየው ጣሪያው አለመፍሰሱና የሚጠቀምበት ሰው መኖሩ ነው። ድሬዳዋም ላይ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ጣሪያና ውኃ መውረጃ፣ ከዚያ አስቤስቶስና አፈር፣ ከዚያ መብራትና መጸዳጃ ቤት። እነዚህ ሲያልቁ አንዱን አዳራሽ መክፈት ይቻላል። ድርብ ጣሪያውና ውስጠኞቹ ክፍሎች ገንዘብ በመጣ ቁጥር ይቀጥላሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ እሱን ለመጀመር የማንም በጀት አያስፈልግም። የአባትዎን የሥራ ጓደኞች በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ። ቃለ መጠይቅ ብቻ ሳይሆን አስፈቅደው እያንዳንዱ ማሽን አጠገብ ይውሰዷቸው፤ ይህ ምን ይቆርጣል፣ ቀበቶው ከየት ይነሣል፣ ዘይት በየት ይገባል፣ የትኛው ክፍሉ ጠፍቷል፣ የጠፋው ምን ይመስል ነበር ብለው ይጠይቋቸው። አስቤስቶስ የት የት እንደነበር፣ የቆሻሻ ዘይት የት ይደፋ እንደነበር፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃ ይይዝ እንደነበርም የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ መሐንዲሱ በኋላ በብዙ ገንዘብ የሚፈልገው መረጃ ይኸው ነው። ማሽኖቹን በቁጥር መዝግበው፣ ፎቶና የቦታ ንድፍ አያይዘው ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮና ለቅርስ ባለሥልጣኑ በደብዳቤ ያስገቡ፤ ቅጂውን ለምድር ባቡር ድርጅቱም ይስጡ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ተቀብለው ያስቀምጡ። በጽሑፍ የተመዘገበ ማሽን በሌሊት ተጭኖ መሄድ ያስቸግረዋል።